የማንታ ዓሣ ጥበቃና የሚያስፈልገው ምርምር

አንድን ነገር ለመጠበቅ የሚወጣ ሕግ ሁሉ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው የሚያዝዘው ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛው ስለሚጠበቀው ነገር የተጣራ ዕውቀት ነው። ሥልጣን ኖሮ ዕውቀት የጐደለ እንደ ሆነ፥ ሕጉ በወረቀት ላይ ያማረ ሆኖ በሥራ ላይ ግን ፍሬው ያነሰ ይሆናል። ይህም እውነት ዛሬ በባሕር እንስሳት ጥበቃ ረገድ ጐልቶ ስለሚታይ፥ በዚህ ገጽ ልንመለከተው ወደድን።

በ2025 ዓመት መጨረሻ፥ (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፥ የብዙ መንግሥታት መልእክተኞች በኡዝቤኪስታን አገር በሳማርካንድ ከተማ ተሰብስበው ነበር። የተሰበሰቡትም ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ከአገር ወደ አገር የሚነገዱበትን ሁኔታ በሚወስነው፥ ሳይተስ በተባለው ስምምነት ላይ ለመምከር ነው። በዚህ ጉባኤ፥ ማንታና የሰይጣን ዓሣ እየተባሉ የሚጠሩት ትልልቅ የባሕር ዓሦች ከነወገናቸው በስምምነቱ አንደኛ ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡ ተወሰነ። በአንደኛ ዝርዝር መግባት ማለት፥ ለንግድ ሲባል ከአገር ወደ አገር መሸጣቸው ተከለከለ ማለት ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ በስምምነቱ ውስጥ አይገኝም። ማንታዎቹ በሁለተኛው ዝርዝር የገቡት በ2013 በባንኮክ ጉባኤ፥ የቀሩት ዘመዶቻቸውም በ2016 በጆሃንስበርግ ጉባኤ እንደ ነበረ ስናስታውስ፥ በ12 ዓመት ውስጥ ከምንም ጥበቃ ወደ ፍጹሙ ጥበቃ መድረሳቸውን እናያለን። ሕጉ እንዲህ በፍጥነት ሲሄድ፥ ስለ እንስሶቹ ያለን ዕውቀት ግን በእግሩ እየተከተለ ነው።

ማንታ የሚለው ስም እስፓንያውያን ብርድ ልብስን ወይም መጐናጸፊያን የሚጠሩበት ቃል ነው፤ መንታ ከሚለው ከአማርኛችን ቃል ጋራ ዝምድና የለውም። ዓሣው ሰፊና ዝርግ ስለ ሆነ፥ በውኃ ውስጥ ሲሄድ ነፋስ የሚያንሳፍፈው ጋቢ ይመስላል። ሁለቱን ጐኖቹንም እንደ ወፍ ክንፍ እያርገበገበ ይሄዳል። ከወገኑ ትልቁ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 7 ሜትር ያህል ሊደርስ ይችላል፤ ክብደቱም ከ1000 ኪሎ ይበልጣል። ይህን ያህል ታላቅ ሆኖ ሳለ፥ ምግቡ በዐይን በጭንቅ የሚታዩ፥ ፕላንክተን የተባሉ የባሕር ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። አፉን ከፍቶ ይዋኛል፤ ውኃው በመተንፈሻው በኩል ሲወጣ፥ በዚያ ያለው ወንፊት መሳይ አካል ምግቡን ለይቶ ያስቀርለታል። ማንታው ሰውን አይነክስም፥ በመርዝም አይወጋም። ከዓሦችም ሁሉ ትልቁ አንጐል የእርሱ ነው።

እንዲህ ያለ የዋህ እንስሳ የሰይጣን ስም እንዴት እንደ ተሰጠው መጠየቅ ይገባል። ከራሱ ፊት ለፊት ውኃውን ወደ አፉ የሚመሩለት ሁለት ቅጠል መሳይ ነገሮች አሉት፤ እነዚህ በተጠቀለሉ ጊዜ ቀንድ ይመስላሉ። የጥንት መርከበኞች ቀንዱን አይተው ሥራውን ሳይመረምሩ ስም አወጡለት። ይኸው ስም ከሊቃውንትም ዘንድ ቶሎ አልጠፋም፤ በቀይ ባሕር ጠልቆ ሥዕል ያነሣ የነበረው ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1952 ያሳተመው መጽሐፍ እንኳ፥ ማንታን በርእሱ ላይ የቀይ ባሕር ሰይጣን ብሎ ጠርቶታል። እንግዲህ ስሙ ራሱ አስቀድሞ መፍረድ ዕውቀት ካልተከተለው ምን እንደሚያደርግ የሚያስረዳ ምሳሌ ነው።

ዓሣ ሲባል ሰው ሁሉ ቶሎ የሚራባ ነገር አድርጎ ያስባል። ብዙዎቹ የዓሣ ዐይነቶች በአንድ ጊዜ በሺህና በመቶ ሺህ የሚቈጠር እንቍላል ስለሚጥሉ፥ ይህ አሳብ ያለ ምክንያት አይደለም። ማንታ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ጊዜ የሚወልደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። በጃፓን አገር በኦኪናዋ ደሴት በሚገኘው ታላቅ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ውስጥ በ2007 አንዲት ማንታ ስትወልድ፥ በሆዷ የተሸከመችበት ዘመን 374 ቀን ሆኖ ተቈጠረ። በባሕር ውስጥ ያሉት ደግሞ ከወለዱ በኋላ ሁለትና ሦስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያርፋሉ። ለመውለድ የሚበቁት ዐሥር ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ ስለ ሆነ፥ አንዲት ማንታ 40 ዓመት ብትኖር በዕድሜዋ ሁሉ የምትወልደው ከዐሥር እምብዛም አይበልጥም።  ስለዚህ ዐሥር እናቶች በአንድ ቀን በመረብ ቢያልቁ፥ እነርሱን የሚተካ ትውልድ እስኪነሣ ብዙ ዘመን ማለፉ የማይቀር ነው።

የሚያጠፏቸውም ነገሮች በተለይ ሁለት ናቸው። አንደኛው ንግድ ነው። ውኃ የሚያጠሉበት ወንፊት ተቈርጦና ደርቆ፥ ይልቁንም በደቡብ ቻይና በጓንግዡ ከተማ፥ እንደ መድኃኒት ይሸጣል። ይህ መድኃኒት ከጥንቱ የቻይና የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ሥፍራ የሌለው፥ በቅርብ ዘመን በነጋዴዎች የተስፋፋ መሆኑን ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች ገልጸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ፥ ማንታን ለመያዝ ሳይሆን ሌላ ዓሣ ለመያዝ የተጣለ መረብ ነው። ቱና የተባለውን ዓሣ የሚይዙ ትልልቅ መርከቦች፥ አፉ እንደ ከረጢት የሚሸበብ ሰፊ መረብ ይጥላሉ፤ በዚህ ዐይነት መረብ ብቻ በዓመት 13000 ያህል ማንታዎችና የሰይጣን ዓሦች እንደሚያዙ በ2016 የታተመ ጥናት ገምቷል። በውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተዘርግተው የሚያድሩትን የትንንሽ ጀልባዎች መረቦች ግን ይህ ቍጥር አይጨምርም። በ2021 ስለ ስሪ ላንካ የታተመ ምርምር እንዳሳየው፥ የትንንሾቹ ጀልባዎች ጥፋት ከትልልቆቹ መርከቦች የሚያንስ አይደለም።

እንግዲህ የሳማርካንዱ ውሳኔ የንግዱን በር ዘግቷል። መረቡ ግን የንግድ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሳይፈለግ የተያዘው እንስሳ ባይሸጥም ይሞታል። ይህን በመገንዘብ ቱና የሚያጠምዱ መንግሥታት ማኅበሮች በበኩላቸው ደንብ አውጥተዋል። የምሥራቅ ፓሲፊክ ማኅበር በ2015፥ የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓሲፊክ ማኅበሮች በ2019፥ መርከቦች ማንታን በጭነታቸው ውስጥ እንዳያስቀሩና የተያዘውንም በሕይወቱ ወደ ባሕር እንዲመልሱ አዘዋል። ትእዛዙ መልካም ነው። ነገር ግን ወዲያው አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ወደ ባሕር የተመለሰው ማንታ በእርግጥ ይኖራልን?

በኒው ዚላንድ አገር ይህን ለማወቅ የተደረገው ምርመራ እጅግ የሚያሳስብ ሆኖ ተገኘ። በ2017 በታተመው በዚህ ምርምር ከቱና መረብ በወጡ 9 የሰይጣን ዓሦች ላይ፥ የሚሄዱበትን ጥልቀት እየመዘገበ በኋላ በሰማይ መሣሪያ በኩል ወሬ የሚልክ ዕቃ ተንጠለጠለባቸው። ወሬ ከላኩት 7 ውስጥ 4ቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቱ። መርከበኛው እንስሳው እየዋኘ ሲሄድ አይቶ ደንቡን እንደ ፈጸመ ያምናል፤ በመዝገቡም ላይ በሕይወት ተለቀቀ ብሎ ይጽፋል። እንስሳው ግን ከዐይን ከራቀ በኋላ ይሞታል። እንዲህ በሆነ ጊዜ መዝገቡ ውሸት ሳይጻፍበት እውነት የሌለበት ይሆናል። ስለዚህ ከምርምሮች ሁሉ ቀድሞ የሚያስፈልገው፥ በምን ዐይነት አያያዝ የተለቀቀው እንደሚድን፥ በምን ዐይነት አያያዝ የተለቀቀው እንደሚሞት በብዙ እንስሶች ላይ መርምሮ ማረጋገጥ ነው። ቱናው ወደ ታች ሲያልፍ ማንታውን ከላይ አስቀርቶ ፈጥኖ ወደ ባሕር የሚመልስ ፍርግርግ በምሥራቅ ፓሲፊክ መርከቦች ላይ መሞከር ተጀምሯል። ዋጋው ትንሽ፥ ጥቅሙ ግን ታላቅ ሊሆን የሚችል ሙከራ ስለ ሆነ፥ ውጤቱ በሌሎች ባሕሮችም መፈተን አለበት።

ሁለተኛው አስፈላጊ ምርምር እንስሶቹን አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ነው። ትልቁ ማንታ በመጽሐፍ የተመዘገበው በ1792 ነው። በ1868 ሌላ ዐይነት ተገኘ ተብሎ በእንግሊዙ ልዑል በአልፍሬድ ስም ቢጠራም፥ ከዚያ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሁለቱን እንደ አንድ ሲቈጥሩ ኖሩ። በ2009 የወጣ ምርምር ግን ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውን አስረዳ፤ አንዱ በዳርቻ ባሉት የዛጐል ዐለቶች አጠገብ የሚኖር፥ ሁለተኛው በሰፊው ውቅያኖስ የሚዞር ነው። በ2025 ደግሞ በአትላንቲክ ባሕር የሚኖር ሦስተኛ ማንታ ታወቀ። ይህ ነገር የስም ክርክር ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ዳኛ ወይም የጉምሩክ ሹም ለሆነ ሰው ግን ከፍ ያለ ነገር ነው። ሦስቱን እንደ አንድ የቈጠረ አገር፥ አንዱ ሲበዛ አይቶ ሌላው ሲጠፋ ሳያይ ይቀራልና። ደርቆ በከረጢት ውስጥ የተገኘ ወንፊት የየትኛው ዐይነትና የየትኛው ባሕር እንደ ሆነ በዘር ምርመራ ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ማመሳከሪያ መዝገብም ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ወንጀለኛው ዕቃው የተከለከለው አይደለም ብሎ ይከራከራል።

ሦስተኛው ቍጥር ነው። የማንታ ሆድ ነጭ ሆኖ ጥቍር ነጠብጣብ አለበት፤ የነጠብጣቡም አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያል። ስለዚህ ከበታቹ ሥዕሉን አንሥቶ በመዝገብ በማስቀመጥ፥ እያንዳንዱን ሳይነኩ መለየት ይቻላል። በማልዲቭ ደሴቶች በዚህ ዐይነት ከ5000 በላይ ማንታዎች ተመዝግበዋል። የቈጠራው ጥቅም ደግሞ ከሦስት አገሮች ምሳሌ ይታያል። በሞዛምቢክ ጠረፍ ጠላቂዎች ከ2003 እስከ 2011 ያዩትን በየቀኑ እየጻፉ ስለ ቈዩ፥ በዳርቻ የሚኖረው ማንታ የመታየቱ ብዛት በመቶ 88 ያህል መውረዱ ታወቀ፤ መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ጥፋቱ ሳይሰማ ባለፈ ነበር። በኢኳዶር ጠረፍ ደግሞ በ2022 በታተመው ቈጠራ ከ22000 የሚበልጡ የውቅያኖስ ማንታዎች እንዳሉ ተገመተ፤ ይህን ያህል ይኖራሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። በኢንዶኔዥያ በራጃ አምፓት ደሴቶች ጥበቃው ከተከበረ በኋላ ማንታዎቹ እየበዙ መሄዳቸው በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ምርምር ታየ። አንዱ ጥፋትን፥ ሁለተኛው ያልታሰበ ሀብትን፥ ሦስተኛው የጥበቃን ፍሬ አሳየ፤ ሦስቱም ያለ ቈጠራ ሊታወቁ ባልቻሉ ነበር። የሰይጣን ዓሣ የሚባሉት ትንንሾቹ ዘመዶቻቸው ግን እንዲህ ያለ በግልጥ የሚለይ ነጠብጣብ ስለሌላቸውና ከሰው ስለሚሸሹ፥ ለእነርሱ የሚስማማ ሌላ የቈጠራ ዘዴ ሊፈለግላቸው ይገባል።

አራተኛው የሚወልዱበትንና የሚያድጉበትን፥ የሚመገቡበትንና የሚጓዙበትን ሥፍራ ማወቅ ነው። የማንታ ግልገሎች ተሰብስበው የሚያድጉበት ሥፍራ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መገኘቱ በጽሑፍ የተገለጸው በ2018 ብቻ ነው። በአዞር ደሴቶች አጠገብ ምልክት የተደረገባቸው የሰይጣን ዓሦች ወደ 2000 ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት እንደሚወርዱ የታወቀው በ2014 ነው፤ ከዚያ በፊት ከውኃው ፊት የማይርቁ ይመስሉ ነበር። በካርታ ላይ መስመር አስምሮ ይህ ሥፍራ የተጠበቀ ነው የሚል ሹም፥ እንስሳው በመስመሩ ውስጥ ስንት ወር እንደሚቀመጥና ስንት ወር ወጥቶ እንደሚኖር ካላወቀ፥ ባዶ ቤት የሚጠብቅ ዘበኛ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ ጐረቤታችን ሱዳን ያላት ሀብት ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ከፖርት ሱዳን ከተማ በስተ ሰሜን 125 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና የሙካዋር ደሴት ይገኛሉ። ይህ ሥፍራ ሳንጋነብ ከተባለው የዛጐል ዐለት ጋራ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዚያ ማንታዎች በብዛት መሰብሰባቸው ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን መታወቅና መመርመር ልዩ ልዩ ናቸው። በኋላ መርማሪዎች በማንታዎቹ ላይ የድምፅ ምልክት የሚሰጥ መሣሪያ አድርገው፥ በባሕሩ ወለል ላይም ተቀባይ ተክለው፥ ወዴት እንደሚመላለሱ ተከታተሉ። በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ ላይ ታላቅ ግንባታ ለመሥራት የቀረበ አሳብ ነበረ፤ በሌላ በኩል ጥቂት ጐብኚዎችን የሚቀበል አነስተኛ ሥራ ለማስፋፋት የሚል አሳብም ነበረ። በ2017 የታተመው ውጤታቸው፥ ከሁለቱ መንገዶች ማንታዎቹን የሚያሰጋው ታላቁ ግንባታ መሆኑን አመለከተ። እነሆ፥ ምርምሩ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ በአሳብና በአሳብ መካከል ይሆን ነበር፤ ምርምሩ ስላለ ግን ሹሙ የሚፈርድበት ማስረጃ አገኘ። ከዚሁ ከሱዳን ባሕር የተገኘ አንድ እንስሳም ከሁለቱ የማንታ ዐይነቶች የተወለደ ድብልቅ መሆኑ በዘር ምርመራ ተረጋግጦ በ2014 ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ ሕያው ድብልቅ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። እንዲህ ያለ ዕውቀት የሚገኝበት ሥፍራ ግን ሰላም ይፈልጋል። በ2023 ጦርነት በተነሣበት አገር የባሕር ምርመራ ከሚቀድሙት ጉዳዮች ውስጥ ሊሆን እንደማይችል ሁሉም ያስተውለዋል። ስለዚህ ማንታ በሚገኝባቸው በሌሎቹ የቀይ ባሕር ጠረፎች የሚደረገው ምርምር ይህንን ክፍተት ጭምር እያሰበ መሥራት ይገባዋል፤ ዓሣው በመንግሥታት ድንበር አይወሰንምና።

አምስተኛው ምርምር ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ ዓሣ አጥማጁ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚረሳው ይኸው ነው። በኢንዶኔዥያ በሶሎር ደሴት ላማኬራ የተባለ መንደር አለ። የዚያ ሰዎች ከአባቶቻቸው ጀምሮ ማንታን በጦር እየወጉ የሚኖሩ ነበሩ። መንግሥቱ በ2014 ማንታን መያዝ በመላው አገር ሲከለክል፥ ለመንደሩ ሰው ሕጉ የእንጀራ ጉዳይ ሆነበት። ለድኻው ምን ሌላ ሥራ እንደሚስማማው፥ ጀልባውና መረቡ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት፥ ከማንታው ዋጋ ለእርሱ የሚደርሰው ስንት፥ ለነጋዴው የሚደርሰው ስንት እንደ ሆነ ሳይጠየቅ የሚወጣ ክልከላ፥ ጥፋቱን ከቀን ወደ ሌሊት ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ የባሕር ሊቃውንት ብቻቸውን አይበቁም፤ የኑሮንና የገበያን ነገር የሚመረምሩ ሰዎችም አብረዋቸው ሊሰለፉ ይገባል።

በዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው ወገን፥ ቍጥራቸው ተጣርቶ ሳይታወቅ መከልከል አይገባም፥ አስቀድሞ ይመርመር ይላል። ይህ አነጋገር ጥበብ ይመስላል፤ ነገር ግን በሦስት ዓመት አንድ ልጅ ለሚወልድ እንስሳ፥ ምርምሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ማለት በሽተኛው ከሞተ በኋላ መድኃኒት መፈለግ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ ክልከላው በሳማርካንድ ስለ ተወሰነ ሥራው ተፈጽሟል፥ ከእንግዲህ ለምርምር ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም ይላል። ይህም ስሕተት ነው፤ መረቡ ገና በባሕር ውስጥ ነውና። እንዲያውም ንግዱ ሲከለከል በግልጥ ይመዘገብ የነበረው የሽያጭ ወሬ ስለሚቀር፥ የሚሞተውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ድካም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ትክክለኛው መንገድ ሕጉን አጽንቶ እየያዙ፥ በየዓመቱ ምርምሩ በሚያመጣው ዕውቀት አፈጻጸሙን ማረም ነው።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፥ ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለችም። ሳይተስ በተባለው ስምምነት ከ1989 ጀምሮ፥ ስለሚሰደዱ እንስሳት በተደረገውም ስምምነት ከ2010 ጀምሮ አባል ናት። በእነዚህ ጉባኤዎች የሁሉም መንግሥት ድምፅ እኩል አንድ ነው። ድምፅ የሚሰጥ መልእክተኛ የሚሰጥበትን ነገር ማወቅ ግዴታው ነው፤ የጉምሩክ ሹማችንም በአውሮፕላን ጣቢያ የሚያልፈው የደረቀ ዕቃ የተከለከለው ወንፊት መሆኑን ለይቶ የሚያውቅበት ትምህርት ቢሰጠው፥ ስምምነቱን የፈረመችው አገር ቃሏን በሥራ ጠበቀች ማለት ነው።

በጠቅላላው፥ ለማንታ ዓሣ ዛሬ የሚያስፈልገው የሚያዝንለት ሰው ብቻ አይደለም። ከመረብ ሲለቀቅ ተከትሎ መዳኑን የሚያረጋግጥ፥ ዐይነቱን የሚለይ፥ የሚቈጥር፥ መንገዱንና የትውልድ ሥፍራውን የሚያገኝ፥ የአጥማጁንም ኑሮ የሚጠይቅ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ቢመስልም፥ ከፊሉ የሚሠራው በትዕግሥትና በታማኝ መዝገብ ነው፤ የሞዛምቢኩን ጥፋት የገለጠው በየቀኑ የተጻፈ ማስታወሻ ነበርና። መንግሥታት በሳማርካንድ እጃቸውን በአንድነት እንዳነሡ ሁሉ፥ ለምርምሩም እጃቸውን በአንድነት ቢዘረጉ፥ ሕጉ ወረቀት ሆኖ አይቀርም፤ ያለ በደሉ ሰይጣን የተባለው ፍጥረትም በባሕሩ ውስጥ ይኖራል።